ወረቀቱ ዝም ያለውን ሞዴሉ ይጠይቃል

(ከቱዲ ድሮዊንግ፣ ማለትም ወረቀት ላይ ካለ ጠፍጣፋ ንድፍ፣ በኮምፒውተር ወደሚሠራ ስሪዲ ሞዴል ስለመሄድ ለወጣት ዲዛይነሮችና ለወርክሾፕ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ተገልብጦ ከሞላ ጎደል እንዳለ ቀርቧል።)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አላችሁ? ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይሰማል? እጃችሁን እስቲ። እሺ፣ ይሰማል።

የጋበዛችሁኝን ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ መስመርና ስለ ቀዳዳ ለመስማት ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። እውነቴን ነው። እቤት ይሄን ወሬ ስጀምር ሰው ሁሉ ስልኩን ነው የሚያነሳው።

ከመጀመሬ በፊት አንዲት ሥራ አለችኝ። ወንበራችሁ ላይ ትንሽ ወረቀት አለች። አያችኋት? ሁለት ካሬዎች ናቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። እኩል ናቸው። ውስጣቸው ምንም መስመር የለም። የላይኛው ካሬ ዕቃው ከፊት ሲታይ ነው። የታችኛው ደግሞ ያው ዕቃ ከላይ ሲታይ። ጥያቄዬ ቀላል ነው፦ ዕቃው ምንድን ነው? ጀርባዋ ላይ ሣሉልኝ። ስም አትጻፉ፤ ከጎረቤትም አትቅዱ። ሁለት ደቂቃ ይበቃችኋል። ከዚያ ይሰብሰብና እኔ ጋ ይምጣ። መጨረሻ ላይ እናየዋለን።

...

ጨረሳችሁ? አመሰግናለሁ። ወደ ጉዳዩ ልግባ። በራሴ ቅሌት ነው የምጀምረው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የአንድ ማሽን ብራኬት፣ ማለትም ደጋፊ ብረት፣ ተሰብሮ ድሮዊንጉ እኔ ጋ መጣ። በእጅ የተሠራ፣ በቀለም የተሳለ፣ ዓይን የሚያጠግብ ድሮዊንግ። «ወደ ስሪዲ አምጣው፣ ፍሬዛ ላይ ይወጣል» ተባልኩ። ፍሬዛ ብረት እየፋቀ ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን ነው። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። እያንዳንዱን ልኬት አስገባሁ። ደግሜ አየሁት። ሞዴሉን ስክሪን ላይ እያሽከረከርኩ በራሴ ስደነቅ ነበር። 12 ፍሬ ተሠራ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጋሼ አስጠሩኝ። ጋሼ የምንላቸው የወርክሾፑ አለቃ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖና ፍሬዛ ላይ የኖሩ ሰው። በአንድ እጃቸው ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ይዘዋል፤ በሌላው የተሰበረውን አሮጌ ብራኬት። ሁለቱን ፊት ለፊት አገናኟቸው። ሰው መስታወት ፊት ሲቆም አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ልኬትህ አንድም አልተሳሳተም። የሠራኸው ግን የግራ እግር ጫማ ነው። ማሽኑ ያለው ቀኝ እግር ነው።»

እስቲ አስቡት። ልኬቱ ሁሉ ልክ ነው። ዕቃው ግን ቆሻሻ ነው። 12 ፍሬ ቆሻሻ። ይሄ እንዴት ይሆናል?

ዛሬ የመጣሁት ይሄን ለመመለስ ነው። አራት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ወረቀቱ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ሆን ብሎ ዝም ስለሚላቸው ነገሮች፤ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ታገሡኝ። ሦስተኛ፣ ስለ ቁጥሮቹ። አራተኛ፣ ሞዴሉን ስለ መገንባትና ስለ መፈተሽ። ሶፍትዌር አላስተምርም። የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ከኔ ይልቅ ልጆቻችሁ ያውቁታል።

አንደኛውን ልጀምር።

ድሮዊንግ ፎቶ አይደለም። ድሮዊንግ ጽሑፍ ነው። ሰዋስው አለው። የመጀመሪያው የሰዋስው ሕግ ደግሞ እይታዎቹ በምን ቅደም ተከተል ተቀመጡ የሚለው ነው። ሁለት ሥርዓት አለ፤ ፈርስት አንግልና ሰርድ አንግል። በፈርስት አንግል የላይ እይታ ከፊት እይታው በታች ይቀመጣል፤ ከግራ የታየው ደግሞ በቀኝ በኩል። በሰርድ አንግል ሁሉም በየጎኑ ነው፤ የላዩ ከላይ፣ የቀኙ በቀኝ። አውሮፓ በብዛት በመጀመሪያው ነው የሚሠራው። አሜሪካና ካናዳ በሁለተኛው።

እኔ የተማርኩት በአንዱ ነው፤ ድሮዊንጉ የተሠራው በሌላው። ከታች ያለውን እይታ ከሥር የታየ አድርጌ አነበብኩት። ከላይ የታየ ነበር። ብራኬቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፉ ስለሆኑ ምንም ነገር አልተጋጨብኝም። የፊቱ ኋላ፣ የኋላው ፊት ሆነና ፍጹም ትክክለኛ የሆነ የመስታወት ምስል ሠራሁ።

የትኛው ሥርዓት እንደሆነ የሚናገር የፕሮጀክሽን ምልክትስ አልነበረም? ነበረ እንጂ! ታይትል ብሎኩ፣ የድሮዊንጉ መረጃ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ ትንሽ ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣና ሁለት ክቦች። ሾጣጣው ይቅደም ወይስ ክቦቹ የሚለው ነው ልዩነቱ። እኔ እንደ ጌጥ ነበር ያየኋት። ዛሬ ማንኛውም ድሮዊንግ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማያት እሷን ነው። ከልኬቱ በፊት። ከዕቃው ስም በፊት።

ምልክቱ ከሌለስ? አሮጌ ወረቀት ላይ አንዳንዴ የለም። ያኔ ከዳር እስከ ዳር የማያልፍ ነገር ፈልጉ። አንድ ኪስ፣ አንድ እርከን። ከዚህ በኩል ከታየ በሙሉ መስመር፣ ከዚያ በኩል ከታየ በተቆራረጠ መስመር መሆን አለበት። እሱ ይመሰክራል። እሱም ከሌለ? የላከውን ሰው ጠይቁ። ስልክ መደወል ነውር አይደለም። 12 ፍሬ መጣል ነው ነውሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ይሄ በሁለትና በሦስት እይታ ዕቃን የመግለጽ ነገር ከየት መጣ? ፕላንና የፊት ገጽታ መሳል ጥንትም ነበር። ሥርዓት ያለው ሳይንስ ያደረገው ግን ጋስፓር ሞንዥ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በ1746 ነው የተወለደው፤ የነጋዴ ልጅ። ሜዚየር ከተማ ውስጥ በነበረ የወታደራዊ መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ንድፍ ይሥል ነበር። ከመኳንንት ዘር ስላልሆነ ከመኮንኖቹ እኩል መማር አይችልም። አንድ ጊዜ የምሽግ ሥራ ሰጡት። ጠላት ከዙሪያው ቢተኩስ ውስጥ ያለው እንዳይመታ ግንቡ የት የት ምን ያህል ከፍ ይበል? ያኔ ይሄ በረጅም፣ አድካሚ ስሌት ነበር የሚሠራው። ሞንዥ በመስመር ብቻ ፈትቶት መጣ። አለቃው መጀመሪያ ሊያይለት አልፈለገም፤ በዚህ ፍጥነት ሊሆን አይችልም ብሎ። ሲያየው ልክ ሆነ። ከዚያስ ምን አደረጉ? ሸለሙት? ዘዴውን ወታደራዊ ምስጢር አደረጉት! በአደባባይ ሊያስተምረው የቻለው ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1795 ነው። አሁን ማንም ተማሪ ደብተሩ ላይ የሚሠራው ነገር አንድ ጊዜ የመንግሥት ምስጢር ነበር። ደስ አይልም?

የሞንዥ ሐሳብ ምንድን ነው? ዕቃውን ሣጥን ውስጥ አስገባው። በየግድግዳው ላይ ጥላውን ጣልበት። ከዚያ ሣጥኑን ዘርጋው። የተዘረጋው ሣጥን ነው ድሮዊንጉ። እንግዲህ የእናንተ ሥራ ምንድን ነው? ሣጥኑን መልሶ ማጠፍ። እኔ እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ድሮዊንግ ሲመጣብኝ እይታዎቹን በወረቀት አትሜ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ አጥፌ ጠረጴዛዬ ላይ አቆማቸዋለሁ። የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

ደግሞ «እኔ በጭንቅላቴ ማዞር አልችልም፣ ተሰጥኦ የለኝም» የሚል አለ። በ1971 ሼፐርድና ሜትዝለር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። ለሰዎች የሁለት ቅርጾች ሥዕል አሳዩ፤ «አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?» ብለው ጠየቁ። ሥዕሎቹ እርስ በርስ የተዞሩበት ማዕዘን በጨመረ ቁጥር መልስ ለመስጠት የሚፈጀው ጊዜ በዚያው ልክ ጨመረ። ማለትም ጭንቅላታችን ዕቃውን እንደ እጅ ቀስ እያለ ነው የሚያዞረው። ስለዚህ ጊዜ ቢፈጅባችሁ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም፤ እያዞራችሁ ነው።

ሁለተኛው። እዚህ ጋ ነው ልቤ ያለው።

ድሮዊንግ ደብዳቤ ነው። ማን ለማን የጻፈው? ዲዛይነሩ ለወርክሾፕ ባለሙያ የጻፈው ደብዳቤ። እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች ደብዳቤ ሲጻጻፉ ሁሉን ነገር አይጽፉም። «ያንን ነገር እንደተለመደው አድርገው» ይላሉ። አንባቢው ይገባዋል። ድሮዊንግም እንደዚያ ነው። እንደተለመደው የሚላቸው ነገሮች ሞልተዋል። ሞዴል ግን ለሚያውቅ ሰው አይደለም የሚሠራው፤ ምንም ለማያውቅ ማሽን ነው። ወረቀት ዝም ማለት ይችላል። ሞዴል ዝም ማለት አይችልም! እያንዳንዱ ጠርዝ የሆነ ቦታ መቆም አለበት። እያንዳንዱ ቀዳዳ የሆነ ጥልቀት ሊኖረው ግድ ነው። ወረቀቱ ዝም ያለውን ሁሉ ሞዴሉ እናንተን ይጠይቃችኋል። ሳታውቁት ትመልሱለታላችሁ፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሴክሽን ታውቃላችሁ፤ ዕቃው በመጋዝ ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ። የተቆረጠው ብረት በሰያፍ መስመር ይሞላል። አንድ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ ነው፤ ፈጣን ነው። የኩሽኔታ ማቀፊያ ሞዴል ሠራ። በሴክሽኑ ላይ ሰያፍ መስመር ያለበትን ሁሉ ብረት አደረገ፤ የሌለበትን ሁሉ ባዶ። ምክንያታዊ ነው አይደል? ችግሩ፣ ዕቃው ደጋፊ ሪብ፣ ቀጭን የማጠናከሪያ ግድግዳ፣ ነበረው። ቁርጡ ሪቡን በርዝመቱ ሲያልፍበት፣ በልማድ ሪቡ ላይ ሰያፍ አይሰመርም። ለምን? ከተሰመረበት ዕቃው ከዳር እስከ ዳር ድፍን ወፍራም ብረት ይመስላላ! አንባቢውን እንዳያሳስት ተብሎ ነው የተተወው። የኛ ልጅ ደግሞ በዚያው ተሳሳተና ጥንካሬ የሚሰጠውን ክፍል አየር አደረገው። የላይ እይታውን አንድ ጊዜ ቢያይ ኖሮ ሪቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ልማድ፣ በኔ በኩል፣ እንዲህ ነው፤ ከአንድ እይታ ብቻ ያገኛችሁትን አትመኑ። አንድ ነገር አለ ለማለት ሁለት ምስክር ይኑራችሁ።

ሌላ። ሦስት ቀዳዳ ያለው ፍላንጅ፣ ማለትም በብሎን የሚታሰር ክብ ማያያዣ፣ አለ እንበል፤ ቀዳዳዎቹ በ120 ዲግሪ የተራራቁ። በትክክል ከተቆረጠ ሴክሽኑ ላይ አንዱ ቀዳዳ ብቻ በትክክለኛ ርቀቱ ይታያል። ሣዩ ግን በልማድ ሌላውን ቀዳዳ አዙሮ ከታች በትክክለኛው ራዲየስ ያሳየዋል። ማየት የሚያስፈልገው ርቀቱ ነዋ! እናንተ ሴክሽኑን እንዳለ ከገለበጣችሁ ቀዳዳው የሌለበት ቦታ ትበሳላችሁ።

ብሎን የሚገባበት ቀዳዳስ? ድሮዊንጉ ላይ ጥርሱ አይሣልም። ሙሉ ክብና በዙሪያው ሦስት አራተኛ የሆነ ቀጭን ክብ ብቻ ነው ያለው። ኤም10 ይላል፤ የ10 ሚሊሜትር ብሎን ማለት ነው። አንዱ 10 ሚሊሜትር ይበሳል፤ ብሎኑ ተንሸራቶ ይገባል፣ የሚይዘው ጥርስ የለም። መደበኛው ኤም10 የጥርስ እርምጃው፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት፣ 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚበሳው 8.5 ነው። ኤም8 ከሆነ 6.8። ይሄ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። «እንደተለመደው» ነው። ጥርሱን ራሱን ደግሞ አትቅረጹ፤ በምልክት ይበቃል። ሁለት መቶ ብሎን ያለው ስብስብ ላይ እያንዳንዱን ጥርስ ቀርጾ ኮምፒውተሩ ሲያቃስት ያየሁት ሰው አለ። እኔው ነኝ።

ከሁሉ የሚብሰው የተቆራረጠው መስመር ነው። የተደበቀውን የሚያሳየው። ወረቀቱ ኮፒ ሲደረግ፣ ኮፒው በስካነር ሲቃኝ፣ የተቃኘው ፋይል ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ቀጭን ነዋ። ይሄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው፣ ቁጥሮቹ።

አንድ ሕግ፦ ከወረቀቱ ላይ በማስመሪያ አትለኩ። በስክሪን ላይም አትለኩ። የተጻፈውን አንብቡ። ለምን ትላላችሁ፤ ወረቀት በእርጥበት ይሳባል፣ ኮፒ ማሽን ያዛባል። ይሄ ትንሹ ምክንያት ነው። ትልቁን በራሴ ላይ አይቻለሁ። አንድ የተቃኘ ድሮዊንግ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቼ፣ በአንዱ ልኬት አስተካክዬ፣ ከሥሩ አድርጌ እየተከተልኩ ሣልኩት። ሥራ አቀለልኩ ብዬ። አንዱ ቀዳዳ 7 ሚሊሜትር ተዛነፈ። ተመልሼ ሳየው ያ ልኬት ከሥሩ አጭር መስመር ተሰምሮበታል። ትንሽ መስመር፤ እንደ አጽንዖት ነው ያየኋት። ትርጉሟ ግን «ይሄ ቁጥር ከሥዕሉ መጠን ጋር አይሄድም፤ ቁጥሩን እንጂ ሥዕሉን አትመን» ነው። ዲዛይነሩ ቁጥሩን ቀይሮ ሥዕሉን እንደገና ላለመሳል ነው። እሱ አስጠንቅቋል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ደግሞ ደምሩ። ጠቅላላ ርዝመቱ 180 ይላል። ውስጡ 45፣ 60፣ 72። ስንት ነው? 177። ሦስቷ ሚሊሜትር የት ሄደች? በወረቀት ላይ ይሄ ስህተት ሃያ ዓመት ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ ባለሙያው በለመደው እየሠራ። ስኬች ውስጥ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ላይ በሚሣለው መነሻ ንድፍ ውስጥ፣ ስታስገቡት ግን ፕሮግራሙ ወዲያው ይጮኻል፤ ልኬቶቹ ተጋጭተዋል ይላችኋል። ብዙ ሰው ያኔ ምን ያደርጋል? አንዱን ልኬት አጥፍቶ ይቀጥላል! ተው! ያ ጩኸት ሥራችሁ ከሚያመጣላችሁ ሁሉ ውዱ ነገር ነው። የትኛው ቁጥር ነው እውነተኛው? መልሱ እናንተ ጋ የለም። ባለቤቱ ጋ ነው ያለው።

መለኪያው ራሱስ? ሚሊሜትር ወይስ ኢንች? አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ስህተቱ 25 እጥፍ ስለሆነ ቶሎ ይታያል ትላላችሁ። አንድ ዕቃ ብቻ ሲሆን አይታይም። ኤስቲኤል በሚባለው የስሪዲ ሞዴል ፋይል ውስጥ መለኪያው ጭራሽ አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ይሄ የጀማሪ ስህተት እንዳይመስላችሁ። በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለች መንኩራኩር ማርስ ደርሳ የጠፋችው አንዱ ወገን ኃይልን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን ሲያሰላ ነው። ያ ሁሉ ሊቅ ባለበት። እኛማ!

ስለ ቶለራንስ፣ ስለሚፈቀደው የልኬት ልዩነት፣ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ቀዳዳው 25 ኤች7 ከተባለ ከ25.000 እስከ 25.021 ይፈቀዳል ማለት ነው። ሞዴሉ ላይ ስንት ታደርጉታላችሁ? ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። ሞዴሉ ለድሮዊንግና ለስብስብ ብቻ ከሆነ 25 ይበቃል፤ ቶለራንሱን ጻፉበት። ሲኤንሲ የሚባለው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን በቀጥታ ከሞዴሉ የሚቆርጥ ከሆነ ግን 25 ላይ ማስቀመጥ ገደሉ ጫፍ ላይ መቆም ነው፤ ትንሽ ቢጠብ ውድቅ ነው። ያኔ ወደ መሃል ማምጣት ይሻላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፦ ይሄ ሞዴል ምን ሊሠራበት ነው? ለዕይታ? ለማተም? ለመቁረጥ? ይሄን ሳይጠይቅ የሚጀምር ሰው ለማን እንደሚጽፍ ሳያውቅ ደብዳቤ የሚጽፍ ነው።

ሰዓቴ እየሄደ ነው። አራተኛውን ቶሎ ልበል።

የት ነው የሚጀመረው? ብዙዎቻችሁ ከፊት እይታው ትጀምራላችሁ፤ ትልቁ ስለሆነ። እኔ የምጀምረው አብዛኛው ልኬት ከሚነሳበት ቦታ ነው። ድሮዊንጉ ላይ ቀስቶቹ ከየት ይነሳሉ? ከሥረኛው ገጽ? ከመሃሉ ቀዳዳ? ዲዛይነሩ ያንን ነው መሠረት ያደረገው። የሞዴላችሁን ዜሮ እዚያ አድርጉ። ነገ ቁጥር ሲቀየር ሞዴሉ እሱ ባሰበው መንገድ ይለወጣል፤ ካልሆነ ይፈርስባችኋል። ስኬች ውስጥ ዕቃዎችን በሕግ የማሰር ነገር አዲስ አይደለም፤ አይቫን ሰዘርላንድ የሚባል የኮምፒውተር ተመራማሪ በ1963 ባቀረበው ስኬችፓድ በሚባል ፕሮግራም «እነዚህ ሁለት መስመሮች ትይዩ ይሁኑ» ማለት ይቻል ነበር። እኛ ግን ዛሬም በዓይን ገምተን የምናስቀምጥ አለን።

ጋሼ አንድ ነገር አስተምረውኛል። «ከመሥራትህ በፊት እንዴት እንደምቆርጠው ንገረኝ» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ምን ዓይነት ድፍን ብረት ነው? ከዚያ ምን ይቀነሳል? ከዚያ ምን ይበሳል? በሳሙና ያሠሩኝ ነበር። ሳሙና፣ አዎ። በቢላ እየቀረጽኩ። ሳሙና ላይ የተቆረጠ አይመለስም፤ ስለዚህ አስቤ እቆርጣለሁ። እስከ ዛሬ ፕሮግራሙን ኤክስትሩድ፣ ንድፉን ሳበው፣ ወይም ሪቮልቭ፣ በዘንግ ዙሪያ አዙረው፣ ከማለቴ በፊት ሳሙናው ይመጣብኛል። የጠርዝ ማለስለሻዎቹን፣ ፊሌቶቹን፣ ለመጨረሻ አቆዩ። መጀመሪያ ካደረጋችኋቸው ሌላው ሁሉ እነሱ ላይ ይንጠለጠልና አንድ ራዲየስ ስትቀይሩ ግማሹ ሞዴል ስህተት ብሎ ቀይ ይሆናል።

መፈተሻው። ከሞዴላችሁ መልሳችሁ ድሮዊንግ አውጡ። ያኑ እይታዎች፣ በያው ሚዛን። ከዋናው ላይ ደርቡት። የማይገጥም መስመር ካለ ይታያል፤ ዋናው ላይ ኖሮ እናንተ ጋ የሌለ፣ ወይም እናንተ ጋ ኖሮ ዋናው ላይ የሌለ።

ሁለተኛው መፈተሻ ክብደት ነው። ይሄን በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ታይትል ብሎክ ላይ ክብደቱ ተጽፏል፤ ማንም አያየውም። አንድ ጊዜ የብረት ዕቃ ሠራሁ፤ ወረቀቱ 4.2 ኪሎ ይላል፣ ሞዴሌ 5.1። ልኬቱን ሁሉ ፈተሽኩ፤ ልክ ነው። እይታዎቹን ደረብኩ፤ ይገጥማል። 900 ግራም ግን ትርፍ አለ። ብረት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 7.85 ግራም ነው። ሳካፍለው ወደ 115 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር። ይሄን የሚያህል ጉድጓድ የሆነ ቦታ ጠፍቷል ማለት ነው። ፈለግኩ፣ ፈለግኩ። ከሥር በኩል ትልቅ ኪስ ነበረ። የሚያሳየው የተቆራረጠ መስመር ቅድም እንዳልኳችሁ ሲቃኝ ጠፍቷል። ዋናውን ወረቀት አስመጥተን ብርሃን ላይ ስናይ አለ። መደረቡ ለምን አላሳየኝም? የደረብኩት መስመሩ በጠፋበት ወረቀት ላይ ነዋ!

አሁን ሁላችሁም የምትፈልጉትን ጥያቄ ልንካ። «ይሄን ሁሉ ኮምፒውተር ራሱ አይሠራውም ወይ?» ይሄ ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ ይበልጣል። በ1973 ኢዴሳዋ የሚባል ጃፓናዊ ከሦስት እይታ ድፍን አካል የሚያወጣ ሥርዓት አቅርቧል። በ1980 እና 81 ማርኮውስኪና ዌስሊ የሚባሉ የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ሰዎች ዘዴውን አጠናከሩት። መጀመሪያ በየእይታው ያሉትን ነጥቦች ያዛምዳል፤ ከነጥብ ጠርዝ፣ ከጠርዝ ገጽ፣ ከገጽ ድፍን አካል። መሃል ላይ እውነት የሚመስሉ የሐሰት ጠርዞች ይፈጠራሉ፤ እነሱን ያጠራል። ደስ የሚለኝ ምኑ መሰላችሁ? መልሱ ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉንም ነው የሚያወጣው። አንዱን መርጦ አያታልልም። እንግዲህ ከባዱ ክፍል ጂኦሜትሪው አልነበረም፤ እሱ ከአርባ ዓመት በፊት ተሠርቷል። ከባዱ ያልተሰመረው ሪብ ነው። የዞረው ቀዳዳ ነው። የጠፋው የተቆራረጠ መስመር ነው።

የአሁኖቹ የኤአይ መሣሪያዎችስ? እኔ እጠቀማለሁ። መነሻ ይሰጡኛል፤ ቀላል ብራኬት ላይ ጊዜ ይቆጥቡልኛል። የማልወድላቸው አንድ ነገር አለ። ሳያውቁ ሲቀሩ አያፍሩም። የጎደለውን ልኬት ከራሳቸው ሞልተው ቆንጆ አድርገው ያቀርቡላችኋል። እኔም በሁለተኛው ዓመቴ እንደዚያው ነበርኩ፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ግን ሳልፈትሽ ወደ ፍሬዛ አልልክም።

እሺ። ወረቀቶቻችሁ እዚህ ናቸው። እስቲ እንያቸው።

ኪዩብ። ኪዩብ። ኪዩብ... ይሄም ኪዩብ። አብዛኛው ኪዩብ ነው። ልክ ነው። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው... የተጋደመ ሲሊንደር! ከፊት ካሬ፣ ከላይም ካሬ፤ ርዝመቱና ዲያሜትሩ እኩል ከሆነ ልክ ነው። ይሄኛው ተዳፋት ያለው ሽብልቅ ሣለ። እሱም ልክ ነው፤ ተዳፋቱ ከፊትም ከላይም ሲታይ ካሬ ነው። ይሄኛው የሲሊንደር ሩብ ነው፤ ልክ ነው። ኪዩብ ብላችሁ የሣላችሁ ስትሥሉ አንዳችሁም አልተጠራጠራችሁም አይደል? እጅ አውጡ፣ የተጠራጠረ? ሁለት ሰው።

ይቺን ስሙልኝ። ይቺ ወረቀት ላይ ምንም አልተሣለም። የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው ያለው፤ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «የጎን እይታው የታለ? ደግሞ የትኛው ከላይ እንደታየ በአፍ ነገሩን እንጂ ወረቀቱ ላይ የፕሮጀክሽን ምልክት የለም።»

ይሄ የተጻፈው ስለ ምልክቱ ከማውራቴ በፊት ነው። ልብ በሉ። ሌላውን ሁሉ ሆን ብዬ ነበር ያጎደልኩት። ምልክቱን ግን... እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ረስቼዋለሁ።

የጻፈው ማነው? ስም አትጻፉ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዋጋዬን አገኘሁ። እዚያ ጥግ? አንቺ ነሽ? ተነሺ እስቲ፣ ያጨብጭቡልሽ። ማይኩን ለሷ ስጧት፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ እሷ ትጠይቅ።